ሲምሊንክ፦ መጀመሪያ ዋናው፣ ቀጥሎ ጠቋሚው

ጅማ ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ኡቡንቱ የተባለው ስርዓተ ክወና የተጫነባቸው ሦስት ኮምፒውተሮች አሉኝ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንዱ ዲስክ ይበላሻል፤ እንደገና ስጭን ደግሞ ያስተካከልኩት ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ሲሰለቸኝ የነካኋቸውን የቅንብር ፋይሎች በአንድ ፎልደር ሰበሰብኩ፤ ቅጂውን በፍላሽ ያዝኩ፤ በየቦታቸው ሲምሊንክ ተካሁ።

ሲምሊንክ የሌላ ፋይል አድራሻ ብቻ የተጻፈበት ፋይል ነው። ኢቲሲ (የሲስተሙ የቅንብር ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ ያለው ሎካልታይም የተባለው ፋይል ራሱ የአዲስ አበባን የሰዓት ፋይል የሚጠቁም ሲምሊንክ ነው፤ እሱን አይታችሁ ጀምሩ።

ለምሳሌ እዚያው ኢቲሲ ውስጥ ያለውን፣ የኮምፒውተሮችን ስምና የኔትወርክ አድራሻ የያዘውን ሆስትስ የተባለ ፋይል እንውሰድ። ኤስአርቪ በተባለው ፎልደር ሥር አዲስ ፎልደር ክፈቱና ፋይሉን ወደዚያ ቅዱ። ኢቲሲ ውስጥ የቀረውን ስሙን ለውጡት እንጂ አታጥፉት። ከዚያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ እንዲህ ጻፉ፦ ኤልኤን፣ ሰረዝ ኤስ፣ የዋናው ፋይል አድራሻ፣ በመጨረሻ የሲምሊንኩ አድራሻ።

ሁለቱንም አድራሻዎች ከእዝባሩ ጀምራችሁ ሙሉውን ጻፉ። እኔ መጀመሪያ ቀን ፎልደሩ ውስጥ ቆሜ ለዋናው «ሆስትስ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ኢቲሲ ውስጥ የተፈጠረው ሲምሊንክ ራሱን የሚጠቁም ሆነና ኮምፒውተሩ ሲዞር ሲዞር ስህተት አለኝ። እንዲህ ያለ ያልተሟላ አድራሻ የሚቆጠረው ሲምሊንኩ ከተቀመጠበት ቦታ እንጂ እናንተ ከቆማችሁበት አይደለም። ለእንግዳ «ከአዌቱ ድልድይ ሁለት ሱቅ አለፍ ብለህ» ብትሉት ከየትም ቢመጣ ያገኘዋል። «ከዚህ ሁለት ሱቅ አለፍ ብለህ» የሚል ወረቀት ግን ሌላ ሰፈር ሲነበብ የማያውቀው ሰው ቤት ያስገባዋል።

ሲምሊንኩን በኤልኤስ ሰረዝ ኤል (ፋይሎችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ስታዩት መስመሩ በኤል ፊደል ይጀምራል፤ ከስሙ ቀጥሎም ቀስት አለ። ቀስቱን አትመኑት፤ ዋናው ፋይል ባይኖርም ይታያል። ካት በተባለው ትእዛዝ ከፍታችሁ ይዘቱን እዩ።

ሁሉም ፋይል ለዚህ አይሆንም። የማተሚያዎቼን ዝርዝር የያዘውን ፋይል በሲምሊንክ ተክቼ ነበር። አዲስ ማተሚያ ስጨምር የኅትመት አገልግሎቱ አዲስ ፋይል ጽፎ በቦታው አስቀመጠ፤ ሲምሊንኩ ገለል ተደረገ፤ እኔም ማንም የማያነበውን ፋይል ሳስተካክል ሰነበትኩ። ራሱ ፕሮግራሙ የሚጽፈውን ፋይል ተዉት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያገናኛቸውን ዲስኮች የሚዘረዝረውን ኤፍስታብንም አትንኩ፦ ዋናው ገና ያልተገናኘ ዲስክ ላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አያገኘውም።

ለመመለስ ሲምሊንኩን አርኤም በተባለው የማጥፊያ ትእዛዝ አጥፉት፤ ዋናው ፋይል አይነካም። ከዚያ ስሙን የለወጣችሁትን የድሮውን ፋይል ወደ ቀድሞ ስሙ መልሱ።