የስብዕና ንድፈ ሐሳቦችን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ለዓመታት አርሜያለሁ። ስለ ስብዕና ሲጠየቁ ስሞቹንና ዓመቶቹን እምብዛም አይስቱም፤ የሚስቱት ሊቃውንቱ ምን ለማለት እንደፈለጉ ነው። ደጋግሜ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩባቸውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ብሎ ነገሩን መዝጋት። የመንትዮች ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሰዎች በስብዕና ከሚለያዩበት መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር ይያያዛል። ተማሪው ይህን «የአንድ ሰው ባህሪ ግማሹ ከወላጆቹ ነው» ብሎ ይጽፈዋል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። አንድ እንጀራ ስንት እጁ ከጤፉ፣ ስንት እጁ ከምጣዱ ሙቀት እንደሆነ አይጠየቅም። የአሥር ቤት እንጀራ ለምን እንደሚለያይ ግን መጠየቅ ይቻላል።

ተጫዋች ሰው አንጎሉ ይበልጥ የነቃ ነው ማለት። የስብዕና ተመራማሪው ሃንስ አይዘንክ በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ተቃራኒው ነው። እንደ እሱ አባባል የኢንትሮቨርት (ዝምታንና ብቻውን መሆንን የሚመርጥ) ሰው አንጎል ከመነሻውም ንቃቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ጫጫታው ቶሎ ይበዛበታል። ኤክስትሮቨርቱ (ተጫዋቹ ሰው) ደግሞ ንቃቱ ዝቅ ስለሚል ጨዋታና ግርግር ፍለጋ ይወጣል። ኢንትሮቨርትነትን ከአይናፋርነት ጋር አንድ አታድርጉት። አይናፋር ሰው ከሰው ጋር መጫወት እየፈለገ ይፈራል።

አሉታዊ ማጠናከሪያን ቅጣት ማድረግ። በብዛት ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው፤ ጥፋቱም የተማሪው ብቻ አይመስለኝም፣ «አሉታዊ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ባህሪ በሚያስከትለው ውጤት እንዴት እንደሚቀረጽ ያጠናው ስኪነር በዚህ ቃል «መጥፎ» ለማለት አልፈለገም፤ አንድ የሚያስጠላ ነገር መነሳቱን ለመግለጽ ነው። ማጠናከሪያ ምንጊዜም ድርጊቱን ያበዛል፣ ቅጣት ይቀንሳል።

ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆሙ እናትና ልጅን እንይ። ልጁ ከረሜላ ካልተገዛልኝ ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ እናቱ አፍራ ገዛችለት፣ ልቅሶው ቆመ። ልጁ ስላለቀሰ ጣፋጭ አገኘ፤ ይህ አዎንታዊ ማጠናከሪያ ነው፣ ነገም ያለቅሳል። እናቱስ? እሷም ተምራለች። ከረሜላውን በመግዛቷ ጩኸቱ ተነሳላት፤ ይህ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው፣ እሷም ነገ ትገዛለች። ሁለቱ ሳያውቁት እርስ በርስ እየተሰለጣጠኑ ነው። ይህን ሥዕል በአእምሮው የያዘ ተማሪ ዳግመኛ ሲሳሳት አላየሁም።

ስኪነር ሐሳብና ስሜት የለም ብሏል ማለት። አላለም። እነሱም እንደ ማንኛውም ድርጊት ምክንያታቸው ሊጠና ይገባል እንጂ የባህሪ መነሻ ተደርገው አይወሰዱም ነው ያለው።

የሳይኮሎጂ ሊቁን አልበርት ባንዱራን ከባህሪያውያን (እንደ ስኪነር ባህሪን በውጫዊ ሽልማትና ቅጣት ከሚያስረዱት) ተርታ አስገብቶ መተው። በ1965 ባደረገው ሙከራ ሕጻናት አንድ ሰው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሲደበድብ በፊልም አዩ። ሰውየው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ድርጊቱን ብዙም አልደገሙትም። ያዩትን ቢያሳዩ ሽልማት እንደሚሰጣቸው ሲነገራቸው ግን እነሱም ሰውየው ሲቀጣ እንዳላዩት ሌሎች ልጆች አድርገው አሳዩ። ትምህርቱ ቀድሞ ገብቷቸው ነበር፤ ቅጣቱ ያስቀረው ማድረጉን ብቻ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ሳይሸለሙና ሳይቀጡ፣ በማየት ብቻ የተማሩትን በአእምሯቸው ይዘው ቆይተዋል። ባንዱራን ወደ ኮግኒቲቩ (በአእምሮ ውስጥ የሚካሄደውን ወደሚያጠናው) ወገን ያሻገረው ይህ ነው።

የሮተርንና የባንዱራን ሐሳብ ማምታታት። ሌላው የሳይኮሎጂ ሊቅ ጁሊያን ሮተር በ1966 የጠየቀው «የሚደርስብኝ ነገር በእኔ ጥረት የሚወሰን ነው ወይስ በዕድልና በሌላ ሰው እጅ?» የሚለውን ነው። ባንዱራ በ1977 ያነሳው ደግሞ «ይህን ሥራ እኔ እችለዋለሁ ወይ?» የሚለውን እምነት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። አንዲት ተማሪ ያጠና ሰው ሒሳብ እንደሚያልፍ አጥብቃ እያመነች፣ እሷ ግን እንደማትችለው እርግጠኛ ልትሆን ትችላለች። «ጥረት ፍሬ አለው» ብትሏት አዲስ ነገር አልነገራችኋትም፣ ያንንማ ታምናለች። ቀለል ያለ ጥያቄ ስጧትና ጨርሳ በገዛ እጇ ትፍታው።