ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ካሉበት ኮምፒውተር አንዱን ሲያነሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ስህተት በጣም ቀላል የሚመስለው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጦ ዲስክ ማኔጅመንትን መክፈት፣ የሊኑክሱን (የኡቡንቱን) ፓርቲሽን፣ ማለትም የዲስክ ክፋይ፣ መርጦ ዲሊት ማለት። አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ዊንዶውሱ እንደወትሮው እየሠራ ስለሆነ ሰው ነገሩ በሰላም ያለቀ ይመስለዋል። ማታ ያጠፋዋል። ጠዋት ሲያበራው ጥቁር ስክሪን፣ ፓርቲሽኑ የለም የሚል አንድ መስመር እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ "ግራብ ሬስኪዩ" የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የሚል ሰረዝ።

ይሄን ያየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ወይም ሳቢያን ወዳለ ጥገና ቤት ይሮጣል። አንዳንዱ ጠጋኝ ሳይመረምር "ፎርማት ይደረግ" ይላል፤ የአራት ዓመት ኖት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። የሚያንገበግበው፣ ከዊንዶውሱ አንድ ፋይል እንኳ አልተነካም ነበር!

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሁለት ተከራይ ያለበት ግቢ የውጭ በሩ አንድ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን በሩን የሚከፍተው ግራብ የሚባለው ማስነሻ ይሆናል። ግራብ ደግሞ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ትንሹ ክፍል መግቢያው ላይ፣ የሚያወጣው ሜኑና የቀረው አካሉ ሊኑክሱ ፓርቲሽን ውስጥ። ፓርቲሽኑን ስታጠፋ ትንሹ ክፍል ይነቃል፣ ቀሪውን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ እዚያው ይቆማል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። መጀመሪያ ባይኦስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብተህ በቡት ተራው (የመነሻ ቅደም ተከተሉ) ላይ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን አንደኛ አድርግ። ሁለት ጊዜ ሪስታርት አድርገህ የኡቡንቱ ሜኑ ሳይመጣ ዊንዶውስ በራሱ መነሳቱን እይ። ፓርቲሽኑን የምታጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። በሌጋሲ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ፤ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ይባላል) የሚነሳ የቆየ ማሽን ከሆነ የተራ ለውጥ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ባለበት ፍላሽ አስነስተህ፣ ከጥገናው ክፍል ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ፣ ቡትሬክ በሚባለው ትእዛዝ ኤምቢአሩን (ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ማስነሻ) አስቀድመህ አድስ። አሁን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያለኸውም አትደንግጥ፤ አጥፋው፣ ስታበራው የቡት ሜኑውን ቁልፍ ደጋግመህ ንካ (ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12)፣ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን ምረጥ። ይነሳል፤ ሌጋሲ ማሽን ከሆነ ግን ከላይ ያለውን የፍላሽ መንገድ ተጠቀም። ዝርዝሩ ላይ "ኡቡንቱ" የሚል ስም ቢቀር አይጎዳህም፤ ተወው።

ሁለተኛው፣ 100 ሜጋባይቷን ፓርቲሽን እንደ ቆሻሻ መቁጠር። ኢንስታለሩ የዲስኩን ዝርዝር ሲያወጣ አንድ 100 ሜጋባይት፣ አንድ 16 ሜጋባይት፣ ትልቁ ሲ፣ ሪከቨሪ፣ ከዚያ ሊኑክሱ ይታያሉ። ጀማሪ "ላጽዳው" ብሎ ትንንሾቹን ያጠፋል። ያቺ 100 ሜጋባይት ፋት32 ግን የግቢው በር ራሷ ናት፤ የሁለቱም ማስነሻ እዚያ ነው። በኡቡንቱ ምትክ ሚንት የተባለውን ሌላ ሊኑክስ ስትጭን "ኢሬዝ ዲስክ" የሚለውን አትንካ፤ የሚያጠፋው ኡቡንቱን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ነው። "ሰምቲንግ ኤልስ" ብለህ ግባ፣ የድሮውን የኡቡንቱ ፓርቲሽን ኤክስት4 (የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ) አድርገህ ለሩት (ለሲስተሙ ዋና ቦታ) ስጠው፣ ፎርማት ላይ ምልክት አድርግ። 100 ሜጋባይቷን ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን ብለህ ምረጣት እንጂ ፎርማት እንዳታደርጋት። ሆም (የግል ፋይልህ የሚቀመጥበት) ለብቻው ከተከፈለም ፎርማት ምልክቱን አንሳለት። ሚንት ተጭኖ ካለቀ በኋላ ቡት ዝርዝሩ ላይ "ኡቡንቱ" ቢል አልተበላሸም፤ ሚንት የሚጠቀመው ያንኑ ስም ነው።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ)። ባይኦስ ውስጥ ምንም ከመንካትህ በፊት ሲ ድራይቭ መቆለፉን እይ። ከተቆለፈ፣ የቡት ተራ ወይም ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ማስነሻ የሚከለክለው ቅንብር) ሲቀየር ዊንዶውስ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ያለ ቁልፉ ማንም ጠጋኝ አይከፍትልህም። ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትህ አውጥተህ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሴቭ ማድረግ ዋጋ የለውም። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛህ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የሻጩ አካውንት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ስልክ እያነሳ ሳለ ጨርስ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 የሚያልፈው ብዙ ነው። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ራሱን አንደኛ ተራ ላይ ያስቀምጣል፣ የኡቡንቱ ሜኑም ይጠፋል። "ኡቡንቱዬ ተሰረዘ" ብለህ እላዩ ላይ እንደገና አትጫን፤ ፓርቲሽኑን ካልነካህ በቦታው አለ፣ ባይኦስ ላይ ተራውን መልስለት። ፍላሹንም በትክክለኛው መንገድ አስነሳ፦ ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) ሆኖ ፍላሹ በሌጋሲ ከተነሳ ኢንስታለሩ "እዚህ ዲስክ ላይ አይጫንም" ይላል። መፍትሔው ፍላሹን በዩኢኤፍአይ ማስነሳት ነው። ዲስኩን ወደ ኤምቢአር (ወደ ድሮው አከፋፈል) ልቀይር ብሎ ያጸዳ ሰው ሁለቱንም ሲስተም በአንድ ጊዜ ያጣል።

መብራት። ፓርቲሽን ማጥፋትም፣ በቀኝ በኩል ወዳለ ባዶ ቦታ ማስፋትም የአፍታ ሥራ ነው። የፓርቲሽንን የግራ ጠርዝ ማንቀሳቀስ ግን ዳታውን በሙሉ ከቦታ ወደ ቦታ መገልበጥ ስለሆነ ሰዓታት ይፈጃል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ድሬዳዋ ውስጥ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ይሄን አትሞክር፤ አሥር ደቂቃ የሚይዝ ያረጀ ባትሪም ዩፒኤስ አይደለም። በሲ እና በባዶው ቦታ መካከል ሪከቨሪ ተቀምጦ ኤክስቴንድ አልል ካለህ፣ ባዶውን ዲ አድርገህ ፎርማት አድርገው፣ ፋይልህን እዚያ አስቀምጥ። ላፕቶፑንም በግንቦት ሙቀት ፍራሽ ላይ አታሠራው፤ ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ባክአፕ ሲባል ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ብቻ የሚገለብጥ አለ። የሱቅ ሂሳብ በፒችትሪ የምትይዝ ከሆነ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ ብለህ ፋይሉን ፍላሽ ላይ አውጣ። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ካለህ ፎንቱንም አብረህ ገልብጥ፤ አለዚያ አዲሱ ሲስተም ላይ አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ፤ ካልጠፋ ዊንዶውሱ በደንብ ስለማይዘጋ ከሊኑክስ በኩል ሲ ላይ መጻፍ ሊከለክልህ ይችላል።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ሦስት ሰዓት ቢዛነፍ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልሞተም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ዊንዶውስ በአገሩ ሰዓት፤ የእኛ ልዩነት ሦስት ነው። ሊኑክሱን የአገሩን ሰዓት እንዲጠቀም ብታዘው ይስተካከላል።