ኦንላይን መገልገያ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ባሕር ዳር ላይ ሲስተም የሚሠሩ ጎበዝ ወጣቶች አሉ፣ ደስ ይላል። ሥራቸው ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ወርዶ ሰው እጅ ሲገባ ግን የሚያሰናክለው ነገር ሁሌም ያው ነው።

ትልቁን ላስቀድም፤ ክፍያ። ደንበኛው «ክፈል» የሚለውን ይነካል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ስክሪኑ ይሽከረከራል። ብሩ ከቴሌብር ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ደረሰኝ የለም። ታዲያ ምን ያድርግ? ድጋሚ ይነካል። አንድ የፍኖተ ሰላም ባለሱቅ ወዳጄ ለዕቃ አከፋፋዩ በዚሁ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ብሩን ለማስመለስ ስንት ተመላለሰ! ኧረ ተዉ፣ ይሄ የሰው ገንዘብ ነው። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ገና ሲጀመር መለያ ቁጥር ስጡት። በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ጥያቄ ከመጣ ሲስተሙ አዲስ ክፍያ አይክፈት፣ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስ። መልስ ስላልመጣ ብቻ ደግሞ «አልተሳካም» አትበሉ፤ ያልተሳካና ገና ያልታወቀ ይለያያሉ። «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፣ እንደገና አይክፈሉ» በሉት። ከዚያ ሲስተሙ ራሱ ከክፍያ ድርጅቱ አጣርቶ ውጤቱን በኤስኤምኤስ ይላክለት።

ሰዓት። ቡሬ ላይ በርበሬ ሊጭን የተቀጠረ ሾፌር ስልኩ ላይ «2:00» የሚል አየና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረሰ። ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነበር፣ በእኛ 8 ሰዓት። መኪናው 6 ሰዓት ሙሉ ቆመ። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል?

የወር ዝርዝራችሁ 12 ላይ ካለቀ በጳጉሜን የተወለደ ሰው መመዝገብ አይችልም። የፈረንጆችን ዓመት ወደ እኛ ስትቀይሩም ዝም ብላችሁ 8 አትቀንሱ፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 ነው።

«የቤተሰብ ስም» የሚል ግዴታ አታስገቡ። የራስ፣ የአባት፣ የአያት፤ አለቀ። ፍለጋው ደግሞ ኃይሉን፣ ሀይሉን፣ ሐይሉን አንድ አድርጎ ያግኝ።

ስልክ በ09 ቢጀምር፣ በ07 ቢጀምር፣ በ+251 ቢጀምር ተቀበሉ።

ለድርጅቶች ስትሠሩ አንድ ድርጅት አንድ ሰው ነው ብላችሁ አታስቡ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ትዕዛዝ ልታስገባ ትቀመጣለች፣ የማረጋገጫ ኮዱ ሊቀመንበሩ ስልክ ላይ ይገባል፣ እሳቸው ማሳ ላይ ናቸው፣ ኔትወርክ የለም። ደውላ እስክታገኛቸው የኮዱ ጊዜ ያልፋል። ሰዎቹ መፍትሔ ሲያጡ የሊቀመንበሩን የይለፍ ቃል ለሁሉም ያድላሉ፤ ነገ ብር ቢጎድል ማን እንዳዘዘ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ የራሱን መግቢያ ስጡት፣ በራሱ ስልክ። የሚያስገባው ሌላ፣ የሚያጸድቀው ሌላ ይሁን። ሠራተኛ ሲለቅም ማኅበሩ ራሱ መግቢያውን መዝጋት ይችል፣ እናንተን ደውሎ አይለምን።

ቅጹን በስልኩ አስሞልታችሁ መጨረሻ ላይ «አትመው ቢሮ ይዘው ይምጡ» የምትሉትስ? ከገጠር ቀበሌ ደብረ ማርቆስ ድረስ የትራንስፖርት ከፍሎ ከመጣማ መጀመሪያውኑ ለምን አስሞላችሁት? ሰነዱን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ፍቀዱለት። ፎቶው ከባድ ከሆነም ሲስተሙ ራሱ ያሳንሰው እንጂ «ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው» ብላችሁ አትመልሱት።