ከፍርስራሽ ብሎኬት ሲመረት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፈረሰ ሕንፃ ኮንክሪት ተፈጭቶ ጠጠር ይሆናል፤ ከዚያ ጠጠር ብሎኬትና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይሠራል፣ ለሊን ኮንክሪትም (ሲሚንቶው ያነሰ፣ ከመሠረት ሥር የሚነጠፍ ኮንክሪት) ይውላል። ምርቱ ሲበላሽ ጥፋተኛ የሚባለው ክሬሸሩ (መፍጫ ማሽኑ) ወይም ሲሚንቶው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ቤቱ በሚፈርስበት ቀን ነው።

ኤክስካቫተር ገብቶ ግድግዳውን፣ ኮርኒሱንና ጂፕሰሙን አንድ ላይ ከደባለቀው በኋላ ለመልቀም መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጂፕሰም ነው። ውስጡ ያለው ሰልፌት እርጥበት ሲያገኝ ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ያብጣል፤ ብሎኬቱ ደህና መስሎ ይወጣል፣ ይገነባል፣ ከወራት በኋላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በርና መስኮት፣ ኮርኒስ፣ የጂፕሰም ልስን፣ ሴራሚክና የኤሌክትሪክ መስመር በእጅ ይነሱ፤ ኮንክሪቱ በመጨረሻ ለብቻው ይፍረስ። ፌሮውን አውጡ ብሎ መምከር አያስፈልግም፤ ዋጋ ስላለው ራሱ ይወጣል። የጭቃ ግድግዳ ፍርስራሽ ግን ከዚህ ክምር ጨርሶ አይግባ፤ አፈሩ ጠጠሩን ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው አይይዘውም። የቆየ የኤተርኒት ጣሪያ ወይም ቱቦ ከተገኘም አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫ) ሊኖርበት ስለሚችል አይሰበር፣ አይፈጭ፤ ውሃ ተርከፍክፎበት ሳይሰበር ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለተኛው ስህተት ደረቅ ጠጠር ሚክሰር ውስጥ መጨመር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥሩ የካባ (ከድንጋይ ማውጫ የመጣ) ጠጠር የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆን ነው። አሮጌ ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) የተጣበቀበት ጠጠር ግን ከ3 እስከ 8 በመቶ ሊጠጣ ይችላል። በ50 ኪሎ ሲሚንቶ 200 ኪሎ እንዲህ ዓይነት ጠጠር ቢገባና 5 በመቶ ቢጠጣ 10 ሊትር ውሃ ወሰደ ማለት ነው። ለሲሚንቶው የተመደበው 25 ሊትር ከሆነ የቀረው 15 ብቻ ነው። የብሎኬት ቡኬት (ድብልቁ) ሲጀመርም ደረቅ ስለሆነ ፎርማው ሲነሳ ጠርዙ ይፈረፈራል። ሠራተኛው ያን አይቶ በግምት ውሃ ሲጨምር ደግሞ ጥንካሬው ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠጠሩን ከዋዜማው በደንብ አርሶ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ መተው፣ በሸራ መሸፈን፣ ላዩ ደረቅ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ማስገባት። ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማወቅ አንድ ቀን የተዘፈዘፈ ጠጠር ላዩን በጨርቅ ማድረቅና መመዘን፣ ከዚያ በእሳት አድርቆ እንደገና መመዘን ነው። 2.1 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ከሆነ 5 በመቶ ጠጥቷል።

ከክሬሸር የወጣውን ሁሉ መጠቀምም ያከስራል። የአሮጌው ሞርታር ዱቄት በብዛት የሚሰበሰበው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ባለው ውስጥ ስለሆነ በወንፊት ይለይ፤ ለሙሌት ይሆናል። የቀረው ጠጠርም የተፈጥሮውን ሙሉ በሙሉ አይተካ። ከ20 እስከ 30 በመቶ ጀምሮ ውጤቱን እያዩ መጨመር ይሻላል። ምንጩ ያልታወቀና ያልተፈተሸ ጠጠር ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ አይታሰብ።

ከቆሻሻ መጣያ ፍርስራሽ መልቀም ርካሽ ይመስላል። የበሰበሰ ነገር የነካው አሸዋና ጠጠር ግን የሲሚንቶውን መድረቅ ያዘገያል። ለመፈተሽ ደቃቁን በ3 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ለ24 ሰዓት ማቆየት ነው፤ ውሃው ከጠቆረ አይረባም። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። የቆሻሻውን ክምር ግርጌ መቆፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ቆሻሻ መጣያ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል።

የተመረተ ብሎኬት ፀሐይና ንፋስ ላይ ተጥሎ አይተው፤ ቢያንስ ለ7 ቀን በሸራ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። የፍርስራሹ ምንጭ በተቀየረ ቁጥር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ፤ በ7ኛው ቀን የጥንካሬ ውጤት ተደስቶ የ28ኛውን ሳይጠብቁ መሸጥ ብሎኬቱን ከግድግዳ ላይ ነቅሎ እስከ መተካት ያደርሳል።