ዕቃ በመደርደሪያ ላይ መገኘቱን እንዴት እንለካለን?

ሥራው የሚጀምረው ከቆጠራ ሳይሆን ከዝርዝር ነው። መደብሩ በዕለቱ ሊሸጣቸው የሚገቡ ዕቃዎች ሁሉ በዓይነትና በመጠን ተለይተው ይጻፋሉ፤ የአንድ ምርት ግማሽ ሊትርና አንድ ሊትር እንደ ሁለት ዕቃ ይያዛሉ። ዝርዝሩ ከቆጠራው በፊት መጽደቅ አለበት፤ አለበለዚያ የጠፋውን ዕቃ «ይህንንማ መሸጥ አቁመናል» ብሎ መሰረዝ ውጤት ማሳመሪያ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ሊያነሳቸው የሚችላቸው ስንቶቹ እንደሆኑ መደርደሪያው ፊት ቆሞ መቁጠር ነው። በካርቶን ታሽጎ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ለዚህ ዓላማ እንደሌለ ይቆጠራል። ከ200 ዕቃዎች 188ቱ ከተገኙ ውጤቱ 94 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ የጎደሉት 12 ዕቃዎች የመደብሩን ሽያጭ 15 በመቶ የሚያስገኙ ከሆነ፣ በሽያጭ ድርሻ ሲመዘን ውጤቱ ወደ 85 በመቶ ይወርዳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ ግድ ቢሆን የኋለኛው ይመረጣል። ድርሻው የሚሰላው ግን ዕቃዎቹ ሳይጠፉ ከነበረው ሽያጭ ነው፤ ለሳምንታት የጠፋ ዕቃ በቅርብ ጊዜው ሽያጭ ከተመዘነ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ይታያል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት መደርደሪያው እንደተሞላ ብቻ የሚቆጥር መደብር የሚለካው የሠራተኞቹን ትጋት እንጂ የገዢውን ዕድል አይደለም፤ ስለዚህ ገበያው ከደራ በኋላም መቁጠር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣና የበርካታ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ሥራ፣ ከመደርደሪያ የሚጠፋው ዕቃ በአማካይ 8.3 በመቶ መሆኑን፣ አብዛኛው መንስኤም ከራሱ ከመደብሩ የአስተዛዘዝና የአሞላል ጉድለት እንደሚመነጭ አሳይቷል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ምክንያቱን መጻፍ ይገባል፦ አልታዘዘም፣ ታዝዞ አልደረሰም፣ ደርሶ አልተደረደረም፣ ወይም መዝገቡ ስህተት ነው።

ከሁሉ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው፤ መደርደሪያውም መጋዘኑም ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ «6 አለ» ይላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሽያጭ መዝገቡ ያጋልጠዋል። በቀን በአማካይ 4 የሚሸጥ ዕቃ እያለ ቀኑን ሙሉ አንድም ሳይሸጥ የመዋሉ ዕድል 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ከተደገመማ ሠራተኛ ልኮ ማስፈተሽ ግድ ይላል። ትዕዛዝ የሚያወጣው ሥርዓት «6 አለ» የሚለውን አምኖ ስለሚቀመጥ፣ ቁጥሩ በእጅ ወደ ዜሮ እስካልታረመ ድረስ ያ ዕቃ አይታዘዝም።