ግታችሁት ያልዳነ በግ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ

«መድኃኒት ግተነው አልሠራም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒቱ ጥፋት አይደለም። ወይ ለሌላ ትል ተሰጥቷል፣ ወይ ትሉ ለዚያ መድኃኒት ገና ሳይደርስ ተሰጥቷል። ምልክቱን ከወሩ ጋር አብራችሁ እዩት።

አገጩ ሥር አብጧል፣ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ነጥቷል

ይህን የሚያመጡ ሁለት ትሎች አሉ። በክረምቱ ማለቂያ ጠቦቶቹ ላይ ሳይቀዝናቸው በድንገት ከታየ የጨጓራ ደም መጣጩን ትል ጠርጥሩ። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጩ በሳምንት ገደማ ሣር ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ በጉ ከበላው ከ3 ሳምንት በኋላ ሴቷ ትል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ በኩል መንጋው በአንድ ወር ተኩል ሊበከል ይችላል። አልቤንዳዞል፣ ሌቫሚሶል ወይም አይቨርሜክቲን ይይዘዋል።

ምልክቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከመጣ፣ በጉም ቀስ በቀስ ከስቶ ጠጉሩ ከረገፈ፣ የጉበት ትል ነው። አይቨርሜክቲንና ሌቫሚሶል አይነኩትም። የታረደ በግ ጉበት ካገኛችሁ የወፈረውን የሐሞት ቱቦ ሰንጥቃችሁ ጨመቅ አድርጉት፤ ቅጠል የመሰለ፣ 2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ ትል ይወጣል።

በጥቅምት አልቤንዳዞል ተሰጥቶ በጥር ተመልሶ ታመመ

ነገሩ ያለው የጉበት ትሉ ዕድሜ ላይ ነው። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ውስጧ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይራባል፤ ከአንዱ እጭ ብዙ መቶዎች ወጥተው ጨፌው ላይ ይጣበቃሉ። በጉ ሲግጣቸው አንጀቱን በስተው ጉበቱን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈለፍላሉ፣ እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲሞላቸው ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያረጀውን ብቻ ነው። በጥቅምት ጉበት ውስጥ ያለው ወጣቱ ስለሆነ ይተርፋል። ያኔ ፋንድያ ብታስመረምሩም እንቁላል የለምና ውጤቱ «ነፃ» ይላል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሄው፦ ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ወጣቱንም የሚገድለው ትራይክላቤንዳዞል፣ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም። ለ25 ኪሎ በግ 250 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ጠርሙሱ 5 በመቶ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር፣ 10 በመቶ ከሆነ 2.5 ሚሊ ሊትር። ይህን ሳያነቡ መጋት ትልቁ ስህተት ነው። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አልቤንዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ስጡ፤ እንቁላሉ ጨፌው ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። እርግዝናዋ ገና መጀመሪያው ላይ ላለች በግ አልቤንዳዞል አትስጡ። ስትግቱ አንገቱን ወደ ላይ አታቅኑ፣ መድኃኒቱ ሳንባ ይገባል። ሥጋው ለሳምንታት አይበላም፤ የቀኑ ቁጥር መለያው ላይ አለ።

ምንጭ ዳሩንና ውሃ የሚያቁረውን ቦታ ከመስከረም እስከ ኅዳር ማጠርም በጣም ይረዳል። ከዚያ የታጨደ ሣር እርጥቡን አይሰጥም፤ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ።

ለምርመራ ከ5 ወይም 6 በጎች ትኩስ ፋንድያ ይዛችሁ ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስትሄዱ የጉበት ትል መጠርጠራችሁን ተናገሩ። የዚህ ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በጨው ውሃ አይንሳፈፍም፤ በዝቃጭ ነው የሚፈለገው።

የወፈረ በግ በጥቅምት በድንገት ሞተ

ብዙ ወጣት ትል ጉበቱን ፈልፍሎት ሊሆን ይችላል። ግን ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም ከወጣ አትክፈቱት፣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላልና ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ጭንቅላቱን ያዘነብላል

አዙሪት ነው። የውሻ ኮሶ እጭ አንጎሉ ላይ ውሃ የያዘ ከረጢት ሠርቷል፤ አንዴ ከተሠራ መጋት አያድነውም፣ ሳይከሳ ማረድ ይሻላል። ጭንቅላቱን ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት። የቤት ውሾች ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም በየ6 ሳምንቱ ይሰጣቸው።