ሳይክል ወይስ ትሬድሚል?
ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላላችሁ፣ ለቤት ስፖርት አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ከትሬድሚሉ (ከመሮጫ ማሽኑ) ይልቅ ባለበት ቆሞ የሚነዳውን ሳይክል አስቀድሙ። ፔዳሉ በማግኔት የሚከብደው ዓይነት መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ትሬድሚል ግን ቀጥ ይላል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም ሳይክል ይሻላል፣ ክብደቱን መቀመጫው ይሸከምለታልና። የመቀመጫውን ከፍታ በግምት አትተዉት፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዛችሁን አሳርፉበት፣ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ፔዳሉን በእግራችሁ የፊተኛው ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበትን ከፊት ያሳምማል፣ ከፍ ካለ ዳሌን ያወዛውዛል።

ትሬድሚል የሚያዋጣው የምር መሮጥ ለሚፈልግ ነው። ከኋላው 2 ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ፤ በዲቫይደር ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰኩት። ከመሮጫው ላስቲክ ሥር የሲሊኮን ዘይት ቀቡ፣ ከደረቀ ሞተሩ ይግላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳ በዝግታ ይጀምር፤ እየሮጠ ማውራት ካቃተው ፍጥነቱን ይቀንስ።